የገንዳው ወገን

ባሕሩ ከመጠን በላይ ከሞቀ ወዲህ፣ በጅቡቲ ዳርቻ የሚኖሩ ቤተሰቦች እንዳይጠፋ ብለው አንዳንድ ኮራል፣ ድንጋይ መሳዩን የባሕር እንስሳ፣ ተረክበው ሳሎናቸው ውስጥ በመስታወት ገንዳ ያሳድጋሉ። የሚደርሳቸው መብራት ግን ከአንድ ማቀዝቀዣ በላይ አያሠራም፤ ወይ ገንዳውን፣ ወይ መኝታ ቤቱን።

ትርሲት ልቧ ስለደከመ ሐኪሙ ቀዝቃዛ ክፍል አዘዘላት። በማግስቱ ጠዋት ባሏ ዘውገ ባልዲ ይዞ ገንዳው አጠገብ ቆመ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ልመልሰው ነዋ። ሌላ ቤት ይወስዱታል።"

"የሚቀበል ቤት እንደሌለ አንተም ታውቃለህ።"

ዘውገ አንገቱን ደፋ። "ከአንቺ አይበልጥብኝም፣ ትርስዬ።"

"ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ውሃውን የቀየርኩለት እኔ ነኝ" አለች ትርሲት። "በሕይወት እያለሁ አትነካብኝም።"

ዘውገ ባልዲውን አስቀመጠ። ብዙ ካሰበ በኋላ አልጋቸውን እየጎተተ ወደ ሳሎን አመጣና ከገንዳው ጋር አጣብቆ አቆመው። ትርሲት ጀርባዋን ለቀዝቃዛው መስታወት ሰጥታ ተጋደመች፤ ትንፋሿም ቀስ በቀስ ረጋ። ዘውገ በወዲያኛው ጠርዝ ፊት ለፊቷ ተኛ።

"አንተስ በዚያ በኩል አይሞቅህም?"

"ኧረ ምንም አይለኝ" አለ ዘውገ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ።

ትርሲት እጁን በወገቧ ላይ አሳልፋ ሳበችና መዳፉን ከመስታወቱ ላይ አሳረፈችለት።