የባቄላው ለቀስተኞች

ሞልቱ አጥሩን ተሻግራ ማሳዋ ውስጥ ስትገባ ሰዎቹ በረዶ እየተወራወሩ ነበር። ዱላ አልያዘችም። ለማንሳት ጊዜ አጣች እንጂ ሐሳቡስ ነበራት።

ከፉሪ ተራራ የሚወርደው ቀጭን መንገድ ነጭ ሆኗል። ማሳውም ነጭ ሆኗል። ጠዋት ወገቧ ድረስ ይደርስ የነበረው ባቄላ፣ ለእንቁጣጣሽ እሸቱን ጀሞ አስፋልት ዳር ልትሸጠው ያሰበችው፣ በረዶው ወቅጦ ከጭቃ ጋር ለውሶታል። ከበረዶው የተረፈውን ደግሞ እነዚህ በጫማቸው እየጨረሱት ነው።

ሁሉም አንድ ዓይነት ብርቱካንማ ቲሸርት ለብሰዋል። ደረታቸው ላይ «ክረምትን በእግር» ይላል። እሑድ እሑድ ተራራ የሚወጡ የከተማ ሰዎች ናቸው። ክፋት አስበው አልመጡም። ሞልቱን ያንገበገባትም ይኸው ነው፤ ክፉዎች ቢሆኑ ስድቡ ይቀል ነበር።

መሐል ማሳው ላይ የቆመውን የባሕር ዛፍ ጉቶ በረዶ ከምረውበት ሰው አድርገውታል። ጃኬት አልብሰውታል። ኮፍያም ደፍተውለታል።

«ማን ፈቀደላችሁ?» አለች።

«እህቴ፣ እንደምን ዋልሽ?» አለ መሪያቸው፣ ነጋ የሚሉት ጢማም ጎልማሳ። «ይሄንን እኮ ሰው ውጭ አገር ድረስ ሄዶ ነው የሚያየው። ላንቺ ደጅሽ ድረስ መጣልሽ።»

«መጣልኝ?»

«ማለቴ፣ ተፈጥሮ ነው።»

«አንተም ተፈጥሮ ነህ። ከባቄላዬ ላይ ውረድ።»

ነጋ ወደ እግሩ አየ። «የቱ ነው ባቄላው?» ብሎ ጠየቀ። ከልቡ ነበር የጠየቀው።

ጸደንያ የምትባለዋ፣ ፎቶ አንሺያቸው፣ ስልኳን ወደ ሞልቱ አዞረች። «እማማ፣ እዛው ቁሚልኝ፤ ከበረዶው ሰውዬ ጋር ላንሳሽ።» ሞልቱ ብትበልጣት በአንድ ሁለት ዓመት ነው።

አፏን ከፈተች። ያዘጋጀችው ስድብ ለልጅ ልጆቻቸው የሚተርፍ ነበር። ያኔ ነው ከኋላዋ የከዘራ ድምፅ የሰማችው።

አባባ በንቲ፣ የባሏ አባት፣ አጥሩን እየዳበሱ መጥተው የማሳው ጫፍ ላይ ቆመዋል። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ብርሃንና ጥላ ቢለዩ ነው። አሁን ብዙ ጥላ አይተዋል።

«ሞልቱ፣ ሰው መጣ?»

በነሱ መንደር ሰብሉን በረዶ የመታበትን ሰው ለማስተዛዘን ቤቱ አይኬድም። ማሳው ድረስ ተኬዶ ዝም ብሎ ይቆማል። ባለማሳው እየዞረ እያንዳንዱን ይጨብጣል፣ ይመርቃል፤ በቃ፣ ለቅሶው እሱ ነው። ጎረቤቶቻቸው መሬታቸውን እየለቀቁ ከሄዱ ወዲህ ግን አምናም ካቻምናም በረዶ ሲመታቸው መጥቶ የቆመላቸው ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ አላነሱም። ሞልቱ ግን አለማንሳታቸውን ታውቀዋለች።

ባቄላው ሄዷል። ይቺን ነገር ደግሞ ከሽማግሌው ላይ በገዛ አፏ ልትነጥቅ ነው?

«መጥተዋል፣ አባባ» አለች፣ ጥርሷ ሳይላቀቅ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሊያስተዛዝኑን የመጡ ሰዎች መስላችኋቸዋል። ዝም ብላችሁ ቁሙ። ሲጨብጧችሁ እግዜር ይተካልዎ በሉ። የሚስቅ ካለ ባቄላው ሥር እቀብረዋለሁ።»

ቆሙ። የሳቀ የለም።

አባባ በንቲ ከነጋ ጀመሩ፤ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እግዜር ይተካልዎ» አለ ነጋ።

«ከየት ነው የመጣችሁት?»

«ከብስራተ ገብርኤል።»

«በዚህ በረዶ? በእግር?»

«በእግር» አለ ነጋ። ይህቺኛዋ እንኳ እውነት ነበረች።

«ሰው አለን ለካ» አሉ ሽማግሌው። «ማሳችሁን በረዶ አይየው። ዘራችሁ ይባረክ።»

«አሜን» አሉ ሁሉም። ከመካከላቸው ማሳ ያለው አንድም ሰው የለም።

«ሞልቱ፣ አመስግኛቸው እንጂ። ምን ይዘጋሻል?»

ሞልቱ ጸደንያን አየቻት። ጸደንያ ስልኳን ከጀርባዋ ደብቃለች።

«እናመሰግናለን» አለች ሞልቱ። ኮሶ ጠጥታ ታውቃለች፤ እንዲህ አልመረራትም ነበር።

ሽማግሌው እየጨበጡ እየመረቁ ሰልፉን ጨረሱ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ ጉቶው አዩ። «አንድ ይቀራል» አሉ።

«ይብቃዎት፣ አባባ። ብርዱ ይመታዎታል።»

«መጥቶ የቆመን ሰው ሳልጨብጥ?»

ክንዳቸውን ያዘች፤ አስለቀቋት። ነጋ አንድ እግሩን አንስቶ መልሶ እዚያው አስቀመጠው።

እጃቸው መጀመሪያ እጅጌውን አገኘ፤ ባዶ ነው። ወደ ትከሻው ወጣ። ከትከሻው ወደ ፊቱ ሄደና ቆመ። በረዶው ከጣታቸው ሥር ተንኮሻኮሸ። ጣታቸው ዓይኑ ላይ ሲደርስ ነቅለው አወጡት። ዳበሱት፣ ጫፉን በጥፍራቸው ከፈቱት። የባቄላ እሸት ነው። ሌላውንም ዓይን ነቀሉ። አፉም ከእሸት ነበር የተሠራው፤ ከጉንጭ እስከ ጉንጭ ተደርድሮ ይስቃል።

«ደርሶ ነበር» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

እሸቶቹን እየለቀሙ ኪሳቸው ከተቱ። ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡ። ከዚያ የጋቢያቸውን ጫፍ ያዙና ሰዎቹን የጨበጡበትን እጃቸውን መጥረግ ጀመሩ፤ መጀመሪያ መዳፋቸውን፣ ቀጥሎ ጣቶቻቸውን፣ አንድ በአንድ።