የካፖርቱ ሦስተኛ ቁልፍ

«ሁለተኛው ክረምት የት ገባ?» ይላሉ ባለመነጽሩ ፈታኝ። «የመጀመሪያውን ዓመት የአፈር ልኬት አይቻለሁ፤ የሦስተኛውንም አይቻለሁ። የመካከለኛውስ?»

መልሱን ተፈታኟ ታውቀዋለች። ሦስት ቀን ሙሉ መስታወት ፊት ቆማ ስታጠናው ሰንብታለች። ወረርሽኙ ገባ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ዝናቡም ማንም ሳይለካው ዘንቦ ሄደ። ይህንኑ በሰው አገር ቋንቋ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ መናገር ብቻ ነው የቀራት። ዓይኗ ግን ከፈታኞቹ ሸሽቶ ላፕቶፑ ስክሪን ጥግ ላይ ካለችው ትንሽ የቪዲዮ ሳጥን አልነቀል ብሏል።

ሳጥኗ ውስጥ የአባቷ ካፖርት አለ። ካፖርቱ ብቻ። ፊት የለ፣ አንገት የለ፤ ከደረት እስከ ሆድ የተደረደሩ አራት ቁልፎች ናቸው።

መጀመሪያ ላይ ፊቱ ነበረ። እህቷ ስልኩን ከስኳር ማስቀመጫው ጋር አስደግፋ፣ «እንዳትነካው አባዬ፣ እኔ ዳቦ ቤቱ ረፈደብኝ» ብላ ስትወጣ ሰምታለች። እሱም ተላጭቶ፣ የዘበኝነት ካፖርቱን በዚያ ሙቀት እስከ ላይ ቆልፎ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ከሥራ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ካፖርቱ ግን እስካሁን ጡረታ አልወጣም። ከዚያ የመመረቂያ ፈተናው ጸሐፊ ለማየት የገቡትን እንግዶች ድምፅ ዘጋ፣ ሦስቱ ፈታኞች ስክሪኑ ላይ ተራ በተራ ብቅ አሉ፣ አባቷም ብድግ አለ። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት በር ለመምህራን የከፈተ ሰው ነው። መምህር ሲገባ ይነሳል፤ ተቀመጥ እስኪሉትም አይቀመጥም። እዚህ ደግሞ ተቀመጥ የሚለው ከየት ይምጣ? መቆሙን ያየ የለም።

አርባ ደቂቃ ሆነው።

ያን የፈረደበት ክረምት በሽታው እሱንም ሦስት ሳምንት ሆስፒታል አስተኝቶት ነበር። በረራ ተዘግቶ፣ እሷ ከዚሁ የተማሪ ክፍል፣ ከዚችው ወንበር ላይ ሆና፣ ኦክስጅን የተሰካበትን ፊቱን በስልክ ስታይ ከረመች። ዳነ፣ ተመስገን። ግን አሥር ደቂቃ ከቆመ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጉልበቱም ይከዳዋል። አሁን ቢወድቅ ቤቱ ውስጥ የሚያነሳው የለም።

ሦስተኛው ቁልፍ የተሰፋው በነጭ ክር ነው። የሰፋችው እሷ ናት፤ ከአገር የወጣች ዕለት፣ ጥቁር ክር ጠፍቶ፣ ታክሲው በር ላይ ጡሩምባውን እየነፋ። «ግድ የለም፣ ስትመለሺ በጥቁር ትቀይሪዋለሽ» ብሏት ነበር። ሁለት ዓመት የተባለው ትምህርት ይኸው አራት ሊሞላው ነው። ነጩ ክር ሳጥኗ ውስጥ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። እስከ ዛሬ ሳቁ ናፍቋታል፣ ሳሉ እንኳ ናፍቋታል። አሁን የምትመኘው ሁለት እርምጃ ሄዳ ትከሻውን ይዛ ማስቀመጥን ብቻ ነው።

ደንቡን ጸሐፊው ሁለት ጊዜ አንብቦላታል፦ ተፈታኝ በመሃል ከሌላ ሰው ጋር ከተነጋገረ ፈተናው ይቋረጣል።

«እየጠበቅን ነው» ይላሉ ባለመነጽሩ።

ቁልፉ ወደ ግራ ያዘማል። እዚያው ይቆያል።

«አባዬ፣ ቁጭ በል!»

አመለጠኝ እንዳትል፣ ጮኻ ነው የተናገረችው። ፈታኞቹ ከወረቀታቸው ቀና ይላሉ። ትንሿ ሳጥን ውስጥ አንድ የከሳ እጅ ብቅ ብሎ ይወዘወዛል፦ ተይኝ፣ ሥራሽን ሥሪ። ይህን እጅ ታውቀዋለች። የእሷ ቃል አይበቃውም።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ይላሉ ሰብሳቢዋ፣ ሽበታም ሴትዮ። ጸሐፊው ብዕሩን አንስቷል።

«ከአባቴ ጋር። እናንተ ስትገቡ ተነስቶ እስካሁን እንደቆመ ነው። በሽታ የጎዳው ሰው ነው። እናንተ ተቀመጥ ካላላችሁት እስኪመሽም አይቀመጥም።» «ፈተናውን ብታቋርጡትም አቋርጡት። መጀመሪያ ግን አባቴን አስቀምጡልኝ።»

ሰብሳቢዋ ወደ ካሜራው ጠጋ ብለው፣ መዳፋቸውን ቀስ አድርገው ወደ ታች ያወርዳሉ። «ይቀመጡ፣ ጌታዬ።»

ቋንቋውን ባያውቅ መዳፉን ያውቃል። ቁልፎቹ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ነጩ ክር ያልፋል፣ አንገት ይመጣል፣ አገጭ ይመጣል፣ በላብ የራሰ ፊቱ ይመጣል። እያለከለከ ይስቃል።

ጸሐፊው ደንቡን ሊያነሳ አፉን ሲከፍት ሰብሳቢዋ ይቀድሙታል። «ያነጋገርኩት እኔ ነኝ። ከጻፍክ የእኔን ስም ጻፍ።»

ባለመነጽሩ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። «እሺ፣ ሁለተኛው ክረምት?»

ያጠናችው መልስ ጠፍቶባታል። «የለኝም» ትላለች። «ሲዘንብ በመስኮት አየሁት እንጂ አልለካሁትም። በዚያ ክረምት ማሳው ላይ አልነበርኩም፣ አባቴም ጋ አልነበርኩም። የሌለኝን ቁጥር አልጻፍኩም።»

ፈታኞቹ ሊመካከሩ ይወጣሉ። ጸሐፊው የእንግዳውን ድምፅ ከፍቶ እሱም ይሄዳል። ስክሪኑ ላይ አባቷ ብቻ ይቀራል።

«አለቀ?» ይላል።

«ውጤቱን እየጠበቅን ነው።»

«ሴትየዋ ጥሩ ሰው ናቸው።» ግንባሩን በእጅጌው ይጠርጋል። «አንቺ... የት ሄድሽ? ሹራብሽ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

ከወንበሯ መነሳቷን ራሷም አላስተዋለችም። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ጸጥ ባለችው ክፍል መሃል ቀጥ ብላ ቆማለች።

«አለሁ አባዬ» ትላለች፤ አትቀመጥም።