ከመንገድ በኩል

ጎንደር ፒያሳ ያለውን የእሷንና የእናቷን ቤት የቅርስ ቢሮ ሰዎች ከመንገድ በኩል ብቻ አደሱት። በረንዳውን ጠገኑ፣ ግድግዳውን እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ቀቡት፣ ከበሩ በላይ «የጣሊያን ዘመን ቅርስ» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉ። የታመመችው እናቷ የተኛችበት ክፍል ግን እንደ ድሮው ያፈስ ነበር። ሊመርቁት በመጡበት ጠዋት ዝናቡ ጣለ፤ እሷም ብርድ ልብሱ ላይ ሳፋ ደቅና ወደ በሩ ወጣች።

«ቆርቆሮውን ራሴ ልቀይር ስል ከለከላችሁኝ» አለችው ሪባን የሚያስረውን የቅርስ ባለሙያ።

«ቅርስ አይነካማ፣ እህቴ! የዘመኑን መልክ ያጠፋል።»

«እናቴም የጣሊያን ዘመን ናት። ምነው እሷን ሳትቀቧት ቀራችሁ?»

ከውስጥ አሮጊቷ ሳቀችና ሳል ያዛት። ሰውዬው አልሳቀም። የእንግዶቹ መኪና ሲቆም አየና ከረባቱን አስተካከለ።

«በይ አሁን በሩን ዝጊልን። ውስጡ ለፎቶ አይሆንም።»

ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ከዚያ ሁለቱንም መዝጊያ በረገደችና እናቷን ከነአልጋዋ እየጎተተች ደረቁ በረንዳ ላይ፣ እንግዶቹ ፊት አወጣቻት።