የአያት ስም

የኮምፒውተር ባለሙያው ሁለት ሳምንት ሲታገል ከርሞ፣ ራሱ አቀናብሮ የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኮምፒውተር ላይ የጫነው የሠራተኞች ማውጫ ፕሮግራም በመጨረሻ ሠራ። ፕሮግራሙ ግን የፈረንጅ ነውና "የቤተሰብ ስም ካልሰጣችሁኝ" ብሎ ድርቅ አለ። ባለሙያውም ብዙ ሳያስብ ከየማኅደሩ የአያት ስም እየለቀመ ሞላለት።

ሥራ አስኪያጁ ማውጫውን በሠራተኛው ሁሉ ፊት ሊያስመርቁ አዳራሽ ገቡ። ባለሙያው ማይክ ይዞ ጥቂት ካብራራ በኋላ ቁልፉን ተጫነ። ማውጫው ሠራተኛውን በየቤተሰቡ እየሰበሰበ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ደረደረው። ከአርባው ሠራተኛ ሃያ ሦስቱ "ጓንጉል" ሥር ተኮለኮሉ፤ ከሁሉ በላይ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው።

ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ባለሙያው ጆሮ ጎንበስ ብለው፣ "ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል በላቸው" አሉት።

"እሺ፣ ወንድም ጋሼ" አለ ሃያ ሦስተኛው ጓንጉል፣ ማይኩን ማጥፋት ረስቶ።