ሃርምን ማን አስተማረው?

ወይዘሪት ዊኒፍሬድ አስኩ ዕድሜዋን የፈጀችው አንድ ነገር ለማስረዳት ስትለፋ ነው፤ የእንግሊዞች ፈሊጥ ግማሹ ከሰሜን ጀርመን የባሕር ዳር ቀበልኛ የመጣ ነው ባይ ናት። አለቃዋ ፕሮፌሰር ሎማክስ ይህን በሰማ ቁጥር ይስቅባታል። ዘንድሮ ማስረጃ ካላመጣች መጽሐፏም ሥራዋም አበቃላቸው።

የእንግሊዝና የጀርመን ጦርነት ካለቀ ጥቂት ዓመታት ሆኗል። በሰሜን ጀርመን፣ በምሥራቅ ፍሪስላንድ፣ በአንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ማስረጃው በእግሩ መጣላት። ሃርም ይባላል፤ መረብ የምትጠግን ጌሼ የምትባል ሴት ባል ነው። ዝምተኛ ነው፤ አፉን ሲከፍት ግን ጉድ ያሰማል። ስለ ሞተ ጎረቤቱ ሲያወራ፣ በመንደሩ ቀበልኛ፣ "ምስኪን፣ ባልዲውን ረገጠ" አለ፣ ሞተ ለማለት። ዶፉ ሲወርድ ደግሞ "ድመትና ውሻ እየዘነበ ነው!" ሁለቱም ቃል በቃል የአገሯ የእንግሊዝ አባባሎች ናቸው። ዊኒፍሬድ ደስ ብሏት አንድ በአንድ ጻፈቻቸው።

ጌሼ ሻይ ቀዳች። ሃርም ወተት ጨምሮ ማማሰል ጀመረ።

"ኧረ ተው! በአገራችን ሻይ አይማሰልም፤ ስኳሩ ከሥሩ ይቀመጥ፣ አትንካው!" አለች ጌሼ። "እንግዳዋስ አያውቁም፣ አንተ ምን ነካህ?"

ዊኒፍሬድ የራሷን ማንኪያ አፍራ አስቀመጠች።

ጣጣው የመጣው ከቤቱ ስትወጣ ነው። ጎረቤቶቹን ስትጠይቅ እርስ በርስ ይተያያሉ። "አዎ፣ አዎ፣ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው" ይሏታል፣ ጥያቄዋን ሳትጨርስ። በሚቀጥለው መንደር ግን አንድም የሚያውቀው ሰው ጠፋ። "ባልዲው ምን አደረጋቸው?" ብለው ሳቁባት።

ያን ጊዜ ፈራች። ሎማክስ ነው፣ አለች በልቧ፤ ሰው ልኮ አስጠንቷቸዋል፣ መጽሐፉ ሲወጣ አገር ሊያስቅብኝ። የመንደሩ ሰዎች የወደዷት መስሏት ነበር።

በማግስቱ ጌሼን ብቻዋን አገኘቻት።

"እውነቱን ንገሪኝ። ሃርምን ይህን ሁሉ ማን አስተማረው?"

የጌሼ ፊት አመድ መሰለ። "ለማን ሊያሳብቁብን ነው?"

"ለማንም። ውሸት ከሆነ ግን የስንት ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ። ማን አስተማረው?"

ጌሼ መረቡን ጭኗ ላይ አሳረፈች። "እናቱ።"

"እንግዲያው እሳቸውን ላነጋግራቸው። የት ነው የሚኖሩት?"

ጌሼ ተነሥታ በሩን ዘጋች።

"እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ። እሳቸው ግን ልጅዎ በጦርነቱ ሞቷል ተብለዋል።"