እንግዳ የማያድርበት ቤት

«ጎንበስ ይበሉ እመቤት፣ በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ስንቱን ግንባር ፈንክቷል» አለ አባት፣ መዳፉን በገዛ ልጁ አናትና በድንጋዩ ጉበን መካከል አስገብቶ።

እናት ትራስ እንዳቀፈች ደረጃው ሥር ደርቃ ቀረች። ከማለዳ ጀምሮ ስትፈራው የዋለችው ይህንኑ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ። በስልክ «ትንሽ ትንሽ ይረሳል እንጂ ደህና ነው» ስትል የከረመችው ልጅቷ በሰው አገር እንዳትሸበር ብላ ነው። ደግሞስ መነጽሩን ቢረሳ፣ የጎረቤቱን ስም ቢረሳ፣ የአንድ ልጁን ፊት ይረሳል ብሎ ማን ያስባል?

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ገባች። ከስንት ዓመት በኋላ መምጣቷ ነው፤ የዛሬን አድራ ነገ ትመለሳለች። ደረቷ ላይ ቢጫ ጥብጣብ ተሰክቷል። ተራራው አናት ላይ ባለው በዚህ አሮጌ ሰፈር፣ ሊጎበኝ ለሚመጣ ሁሉ ሰፈሩን በከበበው ግንብ በር ላይ የሚሰካ ጥብጣብ ነው። አዲሱ በር ጠባቂ ስላላወቃት ሰካባት፤ እሷም ነገሩ አስቋት ዝም አለች።

«ይሄ ጥብጣብ ነው ጉዱ» አለች እናት በሆዷ። ዕድሜ ልኩን ይህን በር ለጎብኚ ሲከፍት የኖረ ሰው፣ ቢጫ ካየ ከዚያ ወዲያ ምን ይታየዋል? ጠጋ ብላ «አውልቂው የኔ እናት። እሱን ስታወልቂ ያውቅሻል» ብላ አንሾካሾከች።

ልጅቷ ነቅላ ኪሷ ልትከተው ስትል አባቷ አያት።

«ኧረ አይሆንም እመቤት። ያለዚህ ከተገኙ እኮ በር ላይ ያመናጭቁዎታል።» ከእጇ ወሰደና መርፌ ቁልፉ እንዳይወጋት ከንፈሩን ነክሶ እየተጠነቀቀ፣ መልሶ ሰካላት።

«አባዬ» አለችው።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉኝ» አለ ደስ ብሎት። «ሽበት ጥሩ ነው፤ ያልወለዱትን ልጅ ያተርፋል።»

 ልጅቷ ፈገግ ለማለት ታገለችና ጎብኚ ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቀች፣ «እዚህ ቤት የእውነት ሰው ይኖራል?»

«አይ፣ እኛ ለናሙና የተቀመጥን ነን።»

ልጅ ሳለች ይህን ቀልድ ሳይጨርሰው ነበር የምትስቀው። አሁንም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ሞላ። አባት አላየም። የግድግዳውን ውፍረት በክንዱ ሲለካላት፣ ዝናብ የሚጠራቀምበትን ጉድጓድ ሲያሳያት፣ መስኮቱ ሥር ካለችው የድንጋይ መቀመጫ ደረሱ። ልጅቷ ደክሟት ልትቀመጥ አለች።

«እዚች ላይ ብቻ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ክንዷን ይዞ። «የልጄ ቦታ ናት።»

«ልጅዎ የት አለች?»

«ትምህርት ቤት። አሁን ትመጣለች። ቁልቁለቱን ስትሮጥ ትወድቃለች፤ የምትወድቀው እሷ፣ የምታለቅሰው እናቷ።»

እናት ከዚህ በላይ አልቻለችም። ትራሱን ጥላ መጥታ እጅጌውን ያዘችው። «አንተ ሰው፣ ደህና አድርገህ እያት እንጂ። ይቺ እኮ ናት ልጅህ።»

አያት። ግንባሯን አየ፣ አገጯን አየ፣ በጆሮዋ በኩል ብቅ ያለውን ሽበት አየ። ከዚያ ፊቱ እንደተቆጡት ሕፃን ተሸማቀቀ።

«ልጄ ትንሽ ናት» አለ ድምፁ እየሰለለ። «ልጄን ምን አደረጋችኋት?»

«ምንም አልሆነችም» አለች ልጅቷ ፈጥና፣ እጁን በሁለት እጇ ይዛ። «ስመጣ መንገድ ላይ አግኝቻታለሁ። ደህና ናት፤ እየመጣች ነው።»

«አልወደቀችም?»

«አልወደቀችም።»

ያን ጊዜ ትንፋሹ ተመለሰ።

ወዲያው የግንቡ በር ደወል ተደወለ። ይህ ሲደወል ጎብኚ ሁሉ ከተራራው ይወርዳል፣ የሚያድር የለም፤ በዚህ ሕግ አባት ፊት አይቶ ለማንም አድልቶ አያውቅም።

«እንግዲህ ይቅርታ እመቤት፣ ሰዓት ደረሰ።»

«ዛሬን ብታድር ምን አለበት?» አለች እናት። «ፎቅ ያለውን አልጋ አንጥፌዋለሁ።»

«የልጄን አልጋ? እሷ ስትመጣ የት ልትተኛ ነው?» አላት፣ ደግሞ ፊቱ መደፍረስ ጀመረ።

ልጅቷ እናቷን አየቻትና ራሷን ነቀነቀች፤ ተይው ለማለት። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ እንደ እንግዳ ሰው እጇን ዘረጋች። «ቤትዎ ደስ ይላል።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ሲወርዱ ግድግዳውን ይዘው፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል።»

ወጣች። አባት የበሩን መወርወሪያ ገፋና እጁን አራገፈ።

«ጨዋ ልጅ ናት» አለ። «እናቷ የታደለች ናት።»

እናት የጣለችውን ትራስ ልታነሳ ጎንበስ አለች። ዓይኗ ወለሉ ላይ ነበር። ከበሩ ሥር በሚገባው የማታ ብርሃን ውስጥ የሁለት እግር ጥላ ቆሟል፤ አይሄድም፣ አያንኳኳም።