የማይኳ ጀርባ

ሉዋልሃቲ ማይኳን ካሜራው ራስ ላይ ሰክታ ወደ አስከሬን ሣጥኑ አዞረቻት። ጣት የምታህል፣ ጸጉራም ኮፍያ ያጠለቀች ማይክ ናት። የምትሰማው ፊት ለፊቷ ያለውን ነው፤ ለቀስተኞቹ ካርታ ሲጫወቱ ከጎኗ ቢንጫጩ፣ ውሻ ከኋላዋ ቢጮኽ እምብዛም ግድ የላትም።

ኖንግ ኢሲድሮ በአገሩ ልማድ ሳሎኑ ውስጥ ከተጋደመ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ወንድ ልጁ መርከብ ላይ ነው፤ ሴት ልጁ ከኳታር ነገ ጠዋት ለቀብሩ ትደርሳለች። ለቅሶው ይቀረጽ የተባለው ለነሱ ነው። ሉዋልሃቲ እዚሁ ኢሎይሎ ከተማ ከወንዙ ማዶ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች፤ በትርፍ ጊዜዋ ሠርግና ክርስትና ትቀርጻለች። ሥራው ለሌላ ሰው ሳይሰጥ ሮጣ ያዘችው። ለምን እንደቸኮለች የጠየቃት የለም።

ጎረቤቲቱ ናንግ ባሲሊሳ ብስኩት እየቆረጠመች ግድግዳው ላይ ያለውን የቤተሰብ ፎቶ ታያለች።

«እዚህ ሰፈር ሲመጡ እኮ ልጆቹ በእቅፍ ነበሩ። አሁን እዪልኝ፣ ሁለቱም የስልክ እንጨት! ኢሲድሮ ደግሞ ከጀልባ መሥሪያ መጋዙ አይረዝምም ነበር።»

«አንቺ አርፈሽ ብስኩትሽን ብዪ» አለች የሟች ሚስት ናንግ ፓሲታ። ካርታ ተጫዋቾቹ ሳቁ።

ናንግ ፓሲታ ግን አልሳቀችም። የሉዋልሃቲን ክንድ ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደቻትና ወጣት ሴት በምትቆላመጥበት ቃል ጠራቻት።

«ኢንዳይ፣ ያቺ ነገርሽ ሹክሹክታም ትይዛለች?»

«ከፊቷ ከሆነ ትይዛለች፣ ናንግ።»

«እንግዲያው ሣጥኑ ላይ ጎንበስ የምትል ሴት ሁሉ ላይ አዙሪልኝ። እኔ በማዳመጫው እሰማለሁ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጀልባ መሥሪያው ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው። እሱ ግን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ ይወጣ ነበር። ጸጉሩን አበጥሮ እንጨት የሚልግ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም።»

«ሴት ነበረችው። መልሱን ፈርቼ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩትም። አሁን ማን እንደሆነች ሳላውቅ ከቀበርኩት ግን፣ እሱ ይሄዳል፣ እሷ እዚህ ቤት ከእኔ ጋር ትቀራለች።»

ሉዋልሃቲ አንገቷን ደፋች። ቅዳሜ ቅዳሜ የት ይሄድ እንደነበር ታውቃለች።

እናቷ ጊማራስ ደሴት ላይ ስትሞት እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የተወችላት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ አባትሽ ኢሲድሮ ይባላል፣ ኢሎይሎ ውስጥ ጀልባ ይሠራል። ባሕሩን ተሻግራ፣ ከአንዱ ጀልባ ሠሪ ወደ ሌላው እየጠየቀች አገኘችው። የመጣችበትን ስትነግረው መላጊያውን አስቀምጦ የእንጨት ብናኙን ከእጁ አራገፈ። ከዚያ «ምሳ በልተሻል?» አላት።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ትኩስ ባቾይ ሾርባ ይጠጡ ነበር። ስለ እናቷ መጠየቅ አይሰለቸውም ነበር፤ ሳቋ እንዴት ነበር፣ ምን መብላት ትወድ ነበር፣ ትዘፍን ነበር ወይ? ሉዋልሃቲ ናፍቆት ነው ብላ እያሰበች ትነግረው ነበር። አስተማሪ ሆና ስትመረቅ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። «ለፓሲታ ብቻ እንዳትነግሪ፣ አደራ» ይላት ነበር። አልነገረችም። ዓይነ አፋር ናትና «አባዬ» ብላም ጠርታው አታውቅም። እስከ መጨረሻው፣ ታላቅ ወንድ ሁሉ በሚጠራበት «ኖንግ» እንዳለችው ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ መጡ። አንዷ ጸሎት አንሾካሾከች። ሌላዋ ቀድሞ ለሞተው ባሏ ሰላምታ ላከችበት። ዓሣ ነጋዴዋ ግሊሴርያ የሣጥኑ መስታወት ላይ ተደፍታ «ምነው ኖንግ፣ እኔን ለማን ትተህ!» አለች።

ናንግ ፓሲታ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወለቀች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አገኘኋት። እሷ ናት።»

«ናንግ፣ ምናልባት ጀልባዋን ሳይጨርስላት ስለ...»

«ነገ መቃብሩ ድረስ ዝር ብትል በሰው ፊት ነው የማዋርዳት! ከእሱ ጋር ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖሬ፣ ለዓሣ ነጋዴ ነው ጸጉሩን ያበጠረው?» አለችና አፏን በመሐረብ ይዛ ተንሰቀሰቀች።

ሉዋልሃቲ ካሜራዋን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ፊት ለፊት ልናገር ብትል አንደበቷ እንደሚተሳሰር ታውቃለች። ልብስ ማስጫው ሥር ቆማ ማይኳን ወደ ራሷ አዞረች። በሰው ሁሉ ላይ ስታዞራት ኖራ፣ ወደ ራሷ ስታዞራት የመጀመሪያዋ ነው።

«ናንግ፣ ሴት አልነበረችውም» አለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ነበር። ልጁ ነኝ። የወለደኝ እርስዎን ከማግባቱ በፊት ስለሆነ አልበደለዎትም። እንዳይከፋዎት ብሎ ነው የደበቀኝ። ግሊሴርያን ይተዉአት። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነገ አፈሩ ከመግባቱ በፊት ከሰዉ ኋላ ቆሜ፣ አንድ ጊዜ አባዬ ልበለው።»

ተመልሳ ማዳመጫውን ናንግ ፓሲታ ጆሮ ላይ አደረገችላትና ዓይኗን ጨፈነች። ጥፊም ብትጠብቅ፣ ስድብም ብትጠብቅ አልመጣም። ናንግ ፓሲታ እስከ መጨረሻው ሰማች። እንደገና ከመጀመሪያው አስከፈተቻት። ሲያልቅ ማዳመጫውን ቀስ ብላ አወለቀችና የልጅቷን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ቁጣ ግን የለበትም።

«ኢንዳይ፣ ኢሲድሮ እኮ መውለድ አይችልም ነበር፤ ሁለቱንም ልጆቻችንን ያመጣናቸው ከመነኮሳቱ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ነው።»